ሹመት አማና ስለ መሆኑ፤ ለማይችል ሰው መስጠትም አማናን ማጉደል ስለ መሆኑ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። እርሱ ሚዛንን በእውነት ያቆመ፣ ለእያንዳንዷም ነፍስ የሥራዋን ዋጋ ሳያጓድል የሚከፍል፣ ዝምድናም ለማንም የማይደርስበትን ቀን የቀጠረ ጌታ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፣ አላህ አንተንም እኔንም ይምራን። ስለ አማና በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ጎረቤቱ መንገድ ሲሄድ ስላስቀመጠበት ገንዘብ፣ ወይም ባልንጀራው እንዲሸጥለት ስለ ሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ይህ በእርግጥ አማና ነው፤ ያጎደለውም ወንጀለኛ ነው። ነገር ግን ሰዎች በየቀኑ ሳያፍሩ የሚያጎድሉት፣ አጉድለውም በሰላም የሚተኙበት ሌላ ታላቅ አማና አለ። ይኸውም ሰውን በሥራና በሰዎች ላይ የመሾም አማና ነው። ማን አለቃ ይሁን? ማን በማዕረግ ከፍ ይበል? ማንስ ባለበት ይቅር? ይህንን የሚወስን ሰው በእጁ የያዘው ሚዛን እንደ ነጋዴ ሚዛን ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ላይ የሚመዘነው ስኳርና ቡና ሳይሆን የሰው ዕድሜ መሆኑ ነው።

ዛሬ በየከተማው ታላላቅ ኩባንያዎች ተቋቁመዋል። በአንዱ ኩባንያ ውስጥ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ከዚያም በላይ ሠራተኛ ይገኛል። የገንዘቡ ባለቤቶች ሠራተኛውን አያውቁትም፤ ሠራተኛውም የገንዘቡን ባለቤቶች በዓይኑ አላያቸውም። በሁለቱ መካከል የቆሙት ሥራ አስኪያጆችና የየክፍሉ ሹሞች ናቸው። ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ጉልበቱንና ዕድሜውን፣ ገዢውም እምነቱን በእነርሱ እጅ አስቀምጧል። እንግዲህ ሹመት የሥራ አስኪያጁ የግል ንብረት አይደለም፤ ለወደደው የሚሰጠው፣ የጠላውንም የሚነፍገው ስጦታ አይደለም። ባለቤት ያለው አደራ ነው፤ ባለቤቱም ሥራውን አሳምሮ ሊሠራው የሚችለው ታማኝ ሰው ነው።

ይህንን ከካዕባ ቁልፍ ታሪክ ተማር። በሂጅራ በ8ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ630) መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የካዕባን ቁልፍ ከጠባቂው ከዑስማን ኢብኑ ጠልሐ ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ያንን ቁልፍ መያዝ በዐረቦች ዘንድ ታላቅ ክብር ነበርና፣ ከነቢዩ ቤተ ዘመዶች ይህ ክብር ወደ እነርሱ እንዲዞር የተመኙ ነበሩ። ያን ቀን መላዋ መካ በእጃቸው ነበረች፤ ቁልፉን ለዘመዳቸው ቢሰጡት የሚቃወም ማንም አልነበረም። እርሳቸው ግን ዑስማንን አስጠርተው ቁልፉን መልሰው በእጁ አኖሩለት። የቁርኣን ተርጓሚዎችም አማናን ወደ ባለቤቶቿ እንድንመልስ፣ በሰዎች መካከልም ስንፈርድ በፍትሕ እንድንፈርድ የሚያዝዘውን የኒሳእ ምዕራፍ 58ኛ አንቀጽ ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዘው ያነሡታል። እንግዲህ አስተውል፤ በዚያ ቀን ዝምድና ቁልፍ ካላስገኘ፣ ዛሬ የመጋዘን ቁልፍና የሒሳብ ክፍል ወንበር በዝምድና የሚሰጠው በየትኛው ማስረጃ ነው?

ዑለማዎች የሹም መለኪያ ሁለት ነው ብለዋል፤ ኀይልና ታማኝነት። በቀሶስ ምዕራፍ የተነገረውን አስታውስ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) በመድየን መንጋቸውን ካጠጡላቸው ሁለት እኅትማማቾች አንደኛዋ፣ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ያነሣችው ምክንያት ብርቱና ታማኝ መሆናቸውን ነው። ውለታ ስለ ዋሉልን እንክፈላቸው አላለችም፤ ስደተኛ ናቸውና እንዘንላቸው አላለችም። እንደዚሁም ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ምድር ግምጃ ቤቶች ላይ ለመሾም በጠየቁ ጊዜ ያቀረቡት የአባታቸውን የያዕቆብን ወይም የአያታቸውን የኢስሐቅን ክብር አልነበረም፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነበር እንጂ።

በሂጅራ በ728 (እ.ኤ.አ. በ1328) የሞቱት ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሸሪዓዊ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ ይህንን ነገር አብራርተዋል። ኀይል እንደየሥራው ይለያያል፤ የጦር መሪ ኀይል ጀግንነትና የጦርነት ዕውቀት ሲሆን፣ የዳኛ ኀይል ደግሞ ፍትሕን ማወቅና ፍርዱን ማስፈጸም መቻል ነው። እኛም በዚህ መንገድ ብንሄድ፣ የመጋዘን ጠባቂ ኀይል ቆጠራና ጥንቃቄ ነው፤ የሻጭ ኀይል አንደበትና ትዕግሥት ነው፤ የሥራ አስኪያጅ ኀይል ግን ሥራን ማከፋፈል፣ የበታቾቹን መስማት፣ ያላወቀውን ማስተማር፣ በጊዜውም መወሰን ነው። አንዱ ኀይል ሌላውን አይተካም።

ደግ ሰው ሁሉ ለሹመት ይበቃል ብለህም አትሳት። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ከሰሓቦች መካከል በዙህድና በእውነተኛነት የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው፣ እርሳቸው ለዚህ ነገር ደካማ መሆናቸውን፣ ሹመትም አማና መሆኑን፣ በሐቁ ከያዘውና ግዴታውን ከተወጣ ሰው በቀር በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነገሯቸው። ይህ አቡ ዘርን ማቃለል አልነበረም፤ ለእርሳቸውም ለሕዝቡም ማዘን ነበር እንጂ። ደግነት የሚከበር ነው፤ ሒሳብ የማያውቀውን ደግ ሰው በሒሳብ ክፍል ላይ መሾም ግን ደጉንም መበደል፣ ሒሳቡንም ማጥፋት ነው።

በዚህ አንጻር ደግሞ የሚችል ሰው ወጣት ቢሆን፣ ወይም አባቱ ያልታወቀ ቢሆን ከሹመት አይከለከልም። በሂጅራ በ11ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ632) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን በጦር ላይ ሲሾሙ፣ ኡሳማ ገና ወጣት፣ አባታቸውም ነጻ የወጡ ባሪያ ስለ ነበሩ ያጉረመረሙ ሰዎች ነበሩ። ነቢዩ ግን ኡሳማ ለሹመቱ የተገቡ መሆናቸውን በሕዝብ ፊት መሰከሩላቸው። በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመንም የመካ ገዢ የነበሩት ናፊዕ ኢብኑ ዐብዱልሓሪስ ዑስፋን በተባለው ቦታ ኸሊፋውን ሲያገኙ፣ በመካ ላይ ማንን እንደ ተኩ ተጠየቁ። ኢብኑ አብዛ የሚባለውን ነጻ የወጣ ባሪያ መተካታቸውን ተናገሩ። ሰይዲና ዑመር በነገሩ ተደንቀው ሲጠይቁም፣ ያ ሰው የአላህን መጽሐፍ የቀራ፣ የውርስንም ሕግ ዐዋቂ መሆኑን ገለጹላቸው። ሰይዲና ዑመርም ይህንን ተቀበሉ፤ አላህ በዚህ መጽሐፍ ሰዎችን ከፍ እንደሚያደርግ ከነቢዩ የሰሙትንም አወሱ። ለመካ ልጆች ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

አሁን ደግሞ የማይችል ሰው ከዐቅሙ በላይ የሚወጣባቸውን በሮች ልቁጠርልህ፤ አራት ናቸው።

አንደኛው በር ዝምድናና አማላጅ ነው። ዐረቦች ይህንን ዋስጣ ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ስለ ተሾመ ሰው ስንጠየቅ፣ ሰው አለው ብለን እንመልሳለን። ሁለተኛው በር ሽንገላ ነው። አለቃው ሲስቅ የሚስቅ፣ ሲቆጣ የሚቆጣ፣ ስሕተቱን ብልሃት ነው የሚለው ሰው ይወደዳል፤ ስሕተቱን በጊዜ የሚነግረው ሰው ግን እንደ ጠላት ይቆጠራል። ሦስተኛው በር የአለቃ ፍርሃት ነው። ሥራውን የማያውቅ አለቃ ከእርሱ የሚበልጥ የበታች እንዲነሣበት አይፈልግም፤ ስለዚህ ከራሱ የሚያንሰውን ያነሣል። የተነሣውም በተራው ከእርሱ የሚያንሰውን ያነሣል፤ እንዲህ እየተባለ መሰላሉ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይበሰብሳል።

አራተኛው በር ደግሞ ክፋት የሌለበት፣ ቅን ሰዎችም የሚሳሳቱበት ነው፤ ይኸውም ዋጋንና ሹመትን ማምታታት ነው። አንድ ሻጭ ከባልንጀሮቹ ሁሉ አብልጦ ቢሸጥ፣ እንሸልመው ብለው የሻጮች አለቃ ያደርጉታል። እርሱ ግን መሸጥ እንጂ ማዘዝ አያውቅም። በዚህም ጥሩ ሻጭ አጥተው መጥፎ አለቃ ያገኛሉ። ካናዳዊው የትምህርት ሊቅ ሎረንስ ፒተር ከሬይመንድ ሀል ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ሰው በያዘው ሥራ ስለ በረታ ወደሚቀጥለው ከፍ እየተደረገ፣ በመጨረሻ ወደማይችለው ቦታ ደርሶ በዚያ ይቀራል ብሎ ነበር። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ቈጥሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በአሜሪካ ኩባንያዎች ሻጮች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ነገሩ እውነትነት እንዳለው አሳየ፤ በሽያጭ የበለጡት ይበልጥ ይሾማሉ፣ ከተሾሙ በኋላ ግን በሥራቸው ያሉት ሻጮች ውጤት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለበረታ ሠራተኛ ዋጋው ደመወዝና ክብር ይሁን፤ ሹመት ግን ለሹመት ለሚበቃ ብቻ ይሁን።

ሌላም ነገር ልንገርህ። በእንግሊዝ የጦር ሠራዊት በእግረኛውና በፈረሰኛው ክፍል የመኮንንነት ማዕረግ እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ በገንዘብ ይገዛ ነበር። በመድፈኛውና በመሐንዲሱ ክፍል ግን ማዕረግ አይሸጥም ነበር፤ እዚያ የሚሾመው የተማረ ነበር። መድፍና ድልድይ የማያውቅን ሰው ወዲያው ያጋልጡታልና። እንግዲህ የሰውን ጠባይ ከዚህ ተመልከት። ስሕተቱ ወዲያው በሚታይበት ቦታ ላይ ዐዋቂን እንፈልጋለን፤ የስሕተቱ ዋጋ በድኻ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ በሚወድቅበት ቦታ ላይ ግን ዘመዳችንን እናስቀምጣለን።

እስቲ ይህንን በልብህ አስብ። በአንድ ታላቅ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው አለ እንበል። የትኛው ግድግዳ በክረምት እንደሚረጥብ፣ የትኛው ዕቃ አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት፣ የትኛው ደንበኛ ደረሰኝ ሳይፈርም እንደሚሄድ ያውቃል። የመጋዘኑ ሹም ጡረታ በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ይህ ሰው ይሾማል ብሎ ይጠብቃል። በማግሥቱ ግን የአንድ ባለአክሲዮን አማች መጥቶ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አማቹ ሥራውን አያውቅም። አለማወቅ ብቻውን ነውር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሳያውቅ ይጀምራልና። ነውሩ አለማወቁ እንዳይታይበት መጠየቅን መፍራቱ ነው። ጆንያው በእርጥቡ ግድግዳ ሥር እንዲደረደር ያዝዛል። ነባሩ ሠራተኛ ሲነግረው፣ አለቃው እኔ ነኝ ወይስ አንተ ይለዋል። ዝናም ይዘንማል፤ ዕቃው ይበሰብሳል። ሪፖርቱን የሚጽፈው ማን ነው? ሹሙ ነው። በወረቀቱ ላይ ጥፋተኛው ሠራተኛው ሆኖ ይገኛል፤ ከደመወዙም ይቆረጣል።

በዚህ በአንዱ ሹመት ስንት ሰው እንደ ተበደለ ቁጠር። ባለገንዘቡ ንብረቱን አጣ። ሠራተኛው ሐቁንና ስሙን አጣ። የሠራተኛው ልጆች በዚያ ወር የጎደለባቸውን እነርሱ ያውቁታል። በመጋዘኑ ያሉ ወጣቶችም ሙያ እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው አማላጅ እንደ ሆነ ተማሩ፤ ይህም ከበሰበሰው ዕቃ ሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው፤ ዕቃ ይተካልና። የተሾመውም አማች ተበድሏል፤ በየማለዳው የሚፈራውን ሥራ፣ በቂያማም ቀን የሚጠየቅበትን ሸክም አሸክመውታልና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አማና ስትጠፋ ቂያማን ጠብቁ ማለታቸውን፣ እንዴት ትጠፋለች ተብለው ሲጠየቁም ነገሩ ለማይገባው ሰው ሲሰጥ መሆኑን መንገራቸውን ዑለማዎች አስተላልፈዋል። ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ምን አለ?

ሰዎች ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ይተርታሉ። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ተረት ሹመትን ማዕድ ያደርገዋል፤ ሹመት ግን ሸክም ነው። ከአዝድ ነገድ የሆነ አንድ ሰው ዘካት እንዲሰበስብ ተልኮ በተመለሰ ጊዜ፣ ያመጣውን ሁለት አድርጎ ከፍሎ፣ ይህኛው የእናንተ ነው፣ ያኛው ግን ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሚንበር ላይ ቆመው ተቆጡ፤ ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደ ነበር ጠየቁ። አንተም ሹም ከሆንህ ራስህን በዚህ ጥያቄ ፈትን። ለዒድ በር ድረስ የሚመጣልህ በግ፣ የበታችህ ለልጅህ ሠርግ የሚያመጣው ወርቅ፣ በወንበሩ ላይ ባትቀመጥ ኖሮ ይመጣልህ ነበርን?

ይህንን የምጽፍልህ ከጥፋቱ የነጻሁ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ነጋዴ ወደ ቤቴ መጣ። ልጁ በአንድ ታላቅ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሒሳብ ክፍሉም የሹም ቦታ ክፍት ሆኖ ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በልጅነታችን ከእኔ ጋር በአንድ መድረሳ የቀራ ነበርና፣ «ሼኽ፣ አንድ ቃል ቢጽፉለት እምቢ አይልዎትም» አለኝ። እኔ የልጁን ጠባይ እንጂ የሒሳብ ችሎታውን አላውቅም ነበር። ነገር ግን ወዳጄን ማሳፈር ከበደኝና፣ በሒሳብ ሥራ ብቁ ነው ብዬ ጻፍሁ። ልጁ ተሾመ። አባቱም በግ አርዶ ሰው ጠራ፤ እኔም ዱዓእ ካደረጉት አንዱ ነበርሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዐስር ሶላት ስንወጣ አንድ ሽበት የጀመረው ሰው ቀረበኝና፣ «ሼኽ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ባላዩት ነገር መመስከር ይፈቀዳልን?» አለኝ። «አይፈቀድም» አልሁት። «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ጫማውን አድርጎ ሄደ። በኋላ ስጠይቅ በዚያ የሒሳብ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራና ቦታው ይገባው የነበረ ሰው መሆኑን ሰማሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግሥቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄጄ ሳላውቅ መመስከሬን ነገርሁት፤ እርሱ ግን የታተመውን ደብዳቤ መልሶ መሻር እንደማይሆንለት ነገረኝ። ከዚያም ወደ ሰውዬው ቤት ሄጄ ዐፍው እንዲለኝ ለመንሁት። «የእኔን ዐፍው ብያለሁ» አለኝ። «ነገር ግን በዚያ ክፍል ሌሎች ሰዎች አሉ፤ የእነርሱን እኔ ዐፍው ልልዎት አልችልም።» ይህች ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ ውስጥ አለች። የአንዱን ሰው ገንዘብ የበላ ሰው መልሶ ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል፤ በብዙ ሰዎች ላይ የማይችል ሹም ያስቀመጠ ግን ባለሐቆቹን ከየት ሰብስቦ ይጠይቃቸዋል?

ስለዚህ ሸፋዓ ሁሉ አንድ እንዳይመስልህ። አላህ በኒሳእ ምዕራፍ 85ኛ አንቀጽ መልካም አማላጅነት የሚያማልድ ሰው ከመልካሙ ድርሻ እንዳለው፣ መጥፎ አማላጅነት የሚያማልድም ከመጥፎው ድርሻ እንዳለው አሳውቆናል። የተበደለ ሰው ቃሉ እንዲሰማለት፣ ድኻ ነው ተብሎ በር የተዘጋበት ዐዋቂ ገብቶ እንዲፈተን ብትለምን መልካም ነው። ሌላው ሰው በልፋቱ የደረሰበትን ቦታ ለልጅህ እንዲሰጡት ብትለምን ግን ዙልምን በለስላሳ ቃል መጠየቅህ ነው። ሁለቱን የምትለይበት ጥያቄ አንድ ነው፤ እኔ የምለምነው ሰውዬው እንዲታይ ነው ወይስ ሌላው እንዳይታይ?

አንተም ነጋዴ ሆይ፣ ይህ ነገር የታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ ነው ብለህ ከራስህ አታርቀው። በሱቅህ ውስጥ አንተ ታመህ ስትተኛ በሩን የከፈተ፣ የዱቤውን መዝገብ በታማኝነት የጠበቀ ሠራተኛ የለህምን? የወንድምህ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በመጣ ጊዜ ወዲያው በእርሱ ላይ አለቃ አላደረግኸውምን? ዘመድህን መርዳት ከፈለግህ ከገንዘብህ ስጠው፤ ዝምድናን መቀጠል ምንዳው ትልቅ ነው። ነገር ግን በሠራተኛህ ሐቅ ዝምድናህን አትቀጥል። ወይም የወንድምህን ልጅ በዚያ በነባሩ ሠራተኛ ሥር አስቀምጠው፤ ይማር። የተማረ ዕለት ሹመቱ የራሱ ይሆናል፤ ማንም አያማውም።

እናቶችና ሚስቶችም ሆይ፣ ከዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። ብዙ ሰው ወደማይችለው ቦታ የሚገፋው ከቤቱ ነው። እገሌ መኪና ተሰጠው፣ ያንተ ባልንጀራ ሹም ሆነ እየተባለ በየማታው የሚነገረው ሰው፣ ለመሾም የማያደርገው ነገር የለም። ይልቁንስ ከሥራው የሚያመጣው ሐላል መሆኑን ጠይቁት፤ በሐላል ጥቂትም ቢሆን አመስግኑት።

የመሾም ሥልጣን በእጅህ ከሆነ ደግሞ ይህንን ምክር ያዝ። የሰውን ስም ከማንሣትህ በፊት ሥራው ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ጻፍ፤ አስቀድመህ ሰውን ከመረጥህ ሥራውን በእርሱ ልክ ትሰፋዋለህና። የአለቆቹን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የሠሩትንም ጠይቅ። ዘመድህ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ከሆነ ከፍርዱ ራስህን አውጣ። ሰይዲና ዑመር በሂጅራ በ23ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ644) በቆሰሉ ጊዜ ስድስት ሰሓቦችን ከመካከላቸው ኸሊፋ እንዲመርጡ ሲያዙ፣ ልጃቸው ዐብደላህ በምክሩ እንዲገኝ እንጂ ከሹመቱ ምንም ድርሻ እንዳይኖረው አድርገዋል፤ ዐብደላህ ግን በዕውቀትም በተቅዋም የታወቁ ነበሩ።

ከሾምህም በኋላ አትተኛ። የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ላይ አቤቱታ ባቀረቡ ጊዜ፣ ሰይዲና ዑመር ሰዕድ ጀነት ከተበሰረላቸው ሰሓቦች አንዱ ናቸው ብለው አቤቱታውን አልጣሉትም፤ መርማሪዎች ልከው በየመስጊዱ አስጠየቁ። ሰዕድን ከሹመቱ ቢያነሡም፣ በሞታቸው ጊዜ ያነሡዋቸው ስለ አለመቻል ወይም ስለ አለመታመን እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። በዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ፤ የትንሹን ሰው አቤቱታ መስማት፣ የተነሣውንም ሰው ስም መጠበቅ።

ሳይገባህ የተሾምህ ወንድሜ ሆይ፣ ተስፋ አትቁረጥ፤ መውጫ አለህ። በሥርህ ያለው ዐዋቂ ከሆነ ተማርበት፤ በስሙም ጥራው፣ ሥራውንም የእኔ ነው አትበል። ስትሳሳት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ብለህ በሪፖርቱ ላይ ጻፍ። ሞክረህ ካልቻልህም ለሚችል ልቀቅ። በዱንያ ከወንበር መውረድ በአኼራ ከመዋረድ ይቀላል።

ሐቅህን የተነጠቅህ ሠራተኛ ሆይ፣ ለአንተም ቃል አለኝ። ቅሬታህን በሥርዓት አቅርብ፤ በጽሑፍም አድርገው፤ ሶብር ማለት ዝም ብሎ መበደል ማለት አይደለም። ነገር ግን አለቃህ አማናን አጎደለ ብለህ አንተ የያዝኸውን አማና አታጉድል። ሥራውን ብታበላሽ፣ ሰዓቱን ብትሰርቅ፣ ዕቃው ሲበሰብስ እያየህ ዝም ብትል የምትጎዳው እርሱን ብቻ አይደለም፤ የራስህንም መዝገብ ታቆሽሻለህ። የማይችለው ሰው በስንፍናው እንዲታወቅ፣ አንተም በሙያህ እንድትታወቅ አድርግ። በመዝገብ ያልተጻፈልህን አላህ አይረሳውም።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል። ሚዛኑን አታጉድሉ። በሱቅ ያለው ሚዛን ቢያጎድል የሚጎድለው ጥቂት ግራም ነው፤ በሹመት ያለው ሚዛን ቢያጎድል ግን የሚጎድለው የአንድ ሰው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ነገ በአላህ ፊት ስንቆም ማንን ሾምህ፣ ለምንስ ሾምኸው ተብለን እንጠየቃለን። ዘመዴ ስለ ሆነ የሚል መልስ በዚያ ቀን አይጠቅምም።

አላህ ሆይ፣ አማናን ከሚጠብቁት አድርገን። ሳናውቅ የመሰከርነውን፣ ዐውቀን ዝም ያልነውን ይቅር በለን። የበደልናቸውን ሰዎች ሳንሞት እንድናገኛቸውና ሐቃቸውን እንድንመልስላቸው እርዳን። በሰዎች ላይ የሾምኸንን ፍትሕን አሳውቀን፤ ከዐቅማችን በላይ የሆነውንም ከመመኘት ጠብቀን። አሚን።